ኪምባፕ ለምን ይፈርሳል?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የ9 ዓመት ልጄ ከታላቅ እህቷ ጋር የኮሪያ ድራማ ታያለች። ኪምባፕ፣ ያን በጥቁር የባሕር ቅጠል የሚጠቀለለውን የኮሪያ ሩዝ፣ ሥሪልኝ ብላ አላስቀምጥ ስላለችኝ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ። ሩዙ ባስማቲ ነው። እንደ ጃፓኖቹ ሱሺ መስሎኝ አቼቶና ስኳር ጨመርኩበት። ስጠቀልለው ይበታተናል፣ ስቆርጠው ይፈርሳል፣ ጥቁሩ ቅጠል ደግሞ እንደ ላስቲክ እየተሳበ በጥርስ አልቆረጥ አለ። መጠቅለያው የቀርከሃ ምንጣፍ የለኝም። ያለሁት አዲስ አበባ ነው። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት? ምሳ ዕቃ ውስጥ ይዛው ብትሄድስ ችግር አለው? በጾም ቀንስ እንዴት ይሠራል?»

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስት ችግር የጻፍሽ ይመስላል እንጂ ችግርሽ አንድ ነው፤ ውሃ። ሩዙ የተበታተነው ውሃ ጠጥቶ መያያዝ የማይችል ዓይነት ስለሆነ ነው። ቅጠሉ ላስቲክ የሆነው ከሩዙና ከአትክልቱ ውሃ ስለጠጣ ነው። ስትቆርጪው የፈረሰው መሃሉ ላይ ያስገባሽው ነገር ውሃ ስለለቀቀ ነው። የእጅሽ ጥፋት አይደለም። ኪምባፕ ላይ ዋናው ሥራ፣ ሩዙን ከማጠብ እስከ መቁረጡ ድረስ፣ ውሃው የት እንደሚገባና ከየት እንደሚወጣ መቆጣጠር ነው።

ይህን ያወቅሁት ሴኡል ውስጥ በአንዲት ጠባብ ኪምባፕ ቤት 4 ዓመት ሠርቼ ነው። ባለቤቷን ሁላችንም «ኢሞ» ነበር የምንላት። አክስቴ ማለት ነው፣ የእናት እህት። ኮሪያ ውስጥ ደንበኛውም ምግብ ቤት ገብቶ ሴትዮዋን የሚጠራት እንዲሁ ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ሥራዬ የተቀቀለ ስፒናች መጭመቅ ነበር። ጨምቄ ጨምቄ፣ ከእንግዲህ ጠብ አይልም ብዬ ሰጠኋት። ተቀበለችኝና በሁለት እጇ ይዛ አንዴ ጠመዘዘችው። የቡና ስኒ የሚሞላ አረንጓዴ ውሃ ገንዳው ውስጥ ወረደ። ምንም አልተናገረችኝም። የጨመቀችውን እፍኝ መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችና ወደ ሩዟ ሄደች። ያን ቀን የገባኝን ነው እንግዲህ ለአንቺ የምጽፍልሽ።

በሩዙ እንጀምር። ባስማቲ ለኪምባፕ አይሆንም። መጥፎ ሩዝ ስለሆነ አይደለም፤ ጥሩ የሚባለው ፍሬ በፍሬ ሲለያይ ነውና። ሩዝ ውስጥ ሁለት ዓይነት ስታርች አለ፤ አሚሎስና አሚሎፔክቲን ይባላሉ። አሚሎሱ ሲበዛ ሩዙ ሲበስል ይለያያል፣ ሲያንስ ይያያዛል። ባስማቲ አሚሎሱ ብዙ ነው። ኮሪያዎች በየቀኑ የሚበሉት አጭርና ድቡልቡል ሩዝ ደግሞ አሚሎሱ ትንሽ ነው። ስለዚህ ባስማቲን ውሃ አብዝተሽ ብታበስይው ገንፎ ይሆናል እንጂ ኪምባፕ አይሆንም።

ሱፐርማርኬት ውስጥ «ሱሺ ራይስ» ወይም «ካልሮዝ» የሚል የተጻፈበት ካገኘሽ እሱ ነው። ዋጋው ግን ይከብዳል። ከዚያ በፊት የፎገራን ሩዝ ሞክሪ። የአገሬ ነው ብዬ ብቻ አይደለም፣ ምክንያት አለኝ። በእኛ አቆጣጠር በ1970ዎቹ ጣና ዳር ባለው ሜዳ ላይ ሩዝ መዘራት ሲጀምር፣ ገበሬውን ያገዙት ባለሙያዎች የመጡት ከሰሜን ኮሪያ ነበር። ገበሬው ለረጅም ጊዜ የሙጥኝ ብሎ የያዘው ኤክስ-ጅግና የሚባለው ዘር የዚያ ጊዜ ቅሪት ነው። ጅግና ደራ ወረዳ ያለች ቀበሌ ናት። ዘሩ የኮሪያና የጃፓን አጭር ሩዝ ወገን ነው። እናም ልጅሽ የምትጠይቅሽን ምግብ በዚያ አገር ዘር መሥራት ትችያለሽ።

አንድ ችግር አለው። ገበያ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከሌላ ዘር ጋር የተቀላቀለ ነው፣ ስብርባሪም ይበዛዋል። ስብርባሪ ሩዝ ስታርቹን ቶሎ ይለቅና ድስቱን ሁሉ ያጣብቀዋል። ስለዚህ በሰፌድ አበጥሪና ሙሉ ሙሉውን ለዪ። የቀረውን ከጤፍ ጋር አስፈጭተሽ ለእንጀራ አድርጊው።

አሁን ወደ ማብሰሉ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ የራሷ ጣጣ አላት። ከተማዋ ያለችው ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 አካባቢ ነው። ሩዙ ላይ የተጻፈው የማብሰያ መመሪያ ለቆላና በባሕር ጠረፍ ላለ ከተማ የሚሆን ነው። እሱን ተከትለሽ ስታበስይ ውጪው ለስልሶ ውስጡ እንደ አሸዋ ይቀራል። እንዲህ ያለ ሩዝ ደግሞ አይያያዝም።

መፍትሔው ቀላል ነው። 2 ኩባያ ሩዝ ውሰጂ፤ ለ4 ጥቅል ይበቃል። 3 ወይም 4 ጊዜ ቀስ ብለሽ እጠቢው። ውሃው ከወተት ወደ ስስ አጓት እስኪለወጥ ድረስ ነው፣ ጭራሽ እስኪጠራ አትጠብቂ። ከዚያ 1 ሰዓት ዘፍዝፊው። ሴኡል ውስጥ እኛ ግማሽ ሰዓት ነበር የምንዘፈዝፈው፤ ለአዲስ አበባ እጥፍ አድርጊው። በወንፊት አጥልለሽ 10 ደቂቃ አቆዪው። ድስት ውስጥ ከ2 ኩባያ ውሃና ከ3 የሾርባ ማንኪያ ጭማሪ ጋር ጣጂው። ሲፈላ እሳቱን በጣም ቀንሺና ከድነሽ 18 ደቂቃ ተዪው። አጥፊውና ሳትከፍቺ 15 ደቂቃ ጨምሪለት። ክዳኑ ልል ከሆነ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አድርጊ፣ ከላይም ከበድ ያለ ነገር ጫኚበት። የግፊት ድስት ካለሽ ደግሞ ይህ ሁሉ ጣጣ የለም፤ የከፍታውን ነገር እሱ ይጨርስልሻል።

አቼቶውን ተዪው። ሱሺ ሩዝ ላይ ነው አቼቶና ስኳር የሚገባው። የዛሬ ኪምባፕ ሩዝ ላይ የሚገባው ጨውና የሰሊጥ ዘይት ነው። ኪም ቅጠሉ ነው፣ ባፕ ደግሞ የበሰለ ሩዝ። ኪምባፕ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ዘመን፣ በፈረንጆቹ ከ1910 እስከ 1945 ባለው ጊዜ፣ ከጃፓን ጥቅል ሩዝ የመጣ ነው የሚሉ አሉ። የለም፣ ኮሪያዎች ከጥንትም በዓመቱ መጀመሪያ ሙሉ ጨረቃ ላይ ሩዝ በቅጠል ጠቅልለው ይበሉ ነበር የሚሉም አሉ። ክርክሩ አላለቀም። ምላስ ላይ ግን ልዩነቱ ግልጽ ነው። ሱሺ ሩዝ ኮምጠጥና ጣፈጥ ይላል፤ የኪምባፕ ሩዝ የተቆላ ሰሊጥ ይሸታል። ሙቀት ሲበረታ እንዳይበላሽ ብለው ጠብታ አቼቶ የሚጨምሩ ኮሪያዎች አሉ። ያ ግን ለጣዕም አይደለም።

የሰሊጡ ዘይት ላይ ተጠንቀቂ። የኮሪያ ዘይት ሰሊጡ ተቆልቶ የሚጨመቅ ነው። ቡናማ ነው፣ ክዳኑ ሲከፈት ቤቱን ያውደዋል። ሳይቆላ የተጨመቀው ቢጫ ዘይት ያን ሽታ አይሰጥም። ሌላ ካጣሽ ሰሊጥ እንደ ጾም ፍትፍት በደንብ ቆልተሽ ውቀጪው። በዚያው ቢጫ ዘይት ውስጥ በለዘብተኛ እሳት አሙቂውና አጥልይው። ልክ የኮሪያው ባይሆንም መንገድ ላይ ነው። ለ2 ኩባያ ሩዝ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ከሻይ ማንኪያ ትንሽ የጎደለ ጨው፣ አንድ ማንኪያ የተቆላ ሰሊጥ ይበቃል። ሩዙ ገና ትኩስ እያለ ነው የሚገባው። በሰፊ ሳህን ላይ ገልብጪውና በማንኪያ ጠርዝ እንደመክፈል እያደረግሽ ደባልቂው። አታሺው። ካሸሽው ይላቆጣል።

ከዚያ አራግቢው። እጅሽን ስታሳርፊበት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል መሆን አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ትኩስ ሩዝ ቅጠሉ ላይ ሲያርፍ እንፋሎቱ ቅጠሉ ላይ ውሃ ይሆናል። ቅጠሉ ይኮማተራል፣ ከዚያ ወይ ይቀደዳል ወይ እንደ ላስቲክ ይሳባል። የአንቺም የሆነው ይህ ይመስለኛል። ጭራሽ የቀዘቀዘ ሩዝ ደግሞ አይያያዝም። ለብ ያለ ነው የሚፈለገው።

ቅጠሉ ላይ ደግሞ ጥቂት ልበልሽ። ኪም ከባሕር ውስጥ በብርድ ወራት የሚሰበሰብ አረም ነው። ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ዋንዶና ሺናን የሚባሉት የደቡብ ምዕራብ ደሴቶች በዚህ ይታወቃሉ። ተከትፎ፣ እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ ተነጥፎ ይደርቃል። ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ታገኛለሽ። አንዱ በትንንሽ ፕላስቲክ የሚሸጥ፣ ዘይትና ጨው የተቀባ መክሰስ ነው። ስስ ነው፣ ለመጠቅለል አይሆንም፣ ይቀደዳል። ሌላው 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ጨው የሌለበት ወፈር ያለ ቅጠል ነው። የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። ጃፓኖች ኖሪ የሚሉት የሱሺ ቅጠልም ይሠራል።

ይህ ቅጠል ከአየርም እርጥበት ይጠጣል። ከረጢቱ ተከፍቶ ከሰነበተ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። ያን ጊዜ በጋዝ እሳት ላይ ወይም በጋለ መጥበሻ ላይ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ በአንድ ጎኑ አሳልፊው። ጥቁር ሐምራዊ የነበረው ወደ አረንጓዴ ሲያደላ ታያለሽ። ያ ነው ምልክቱ። ኮሽ ይላል፣ ሽታውም ይነሳል። ከሰመረ በኋላ ከአንድ ሰከንድ በላይ አታቆዪው፣ ያርራል። የቀረውን ቅጠል ከረጢቱ ውስጥ ካለችው ትንሽ የማድረቂያ ከረጢት ጋር አጥብቀሽ ዝጊው።

መሃል የሚገባው ነገር ሁሉ አንድ ሕግ ነው ያለው፤ ደረቅ መሆን አለበት። ስፒናች ካላገኘሽ ቆስጣ ይሆናል፤ ወፍራም አንገቱን አውጪና ቅጠሉን ብቻ ተጠቀሚ። በሚፈላ ውሃ 30 ሰከንድ፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያ መጭመቅ። ከጨመቅሽ በኋላ አሳርፊውና ድገሚው። ሁልጊዜ ሁለተኛ ውሃ ይወጣዋል። በጨውና በሰሊጥ ዘይት ለውሺው።

ካሮቱን በቀጭኑ ክተፊ፣ ጨው ነስንሺና 5 ደቂቃ ተዪው። ከዚያ በትንሽ ዘይት ውሃው እስኪመጥ ጥበሺው። ኪያሩን ለሁለት ሰንጥቂና ዘሩን በማንኪያ ጥረጊ። ውሃው ያለው እዚያ ነው። የቀረውን በጨው አሽተሽ 10 ደቂቃ አቆይተሽ ጭመቂ። እንቁላሉ 3 ፍሬ፣ በደንብ ተመትቶ፣ በለዘብተኛ እሳት ወፈር ብሎ የተጠበሰ ይሁን። ሲቀዘቅዝ የትንሽ ጣት ውፍረት እያደረግሽ በረጅሙ ቁረጪው። ትኩስ እንቁላል ጥቅል ውስጥ አይገባም። እሱም እንፋሎት ነው።

ልጅሽ ድራማ ላይ የምታያት ቢጫዋ ነገር ዳንሙጂ ትባላለች። በኮምጣጣና በጣፋጭ ውሃ የተነከረ ነጭ ራዲሽ ናት። ያለ እሷ ኪምባፕ ጎድሎ ነው የሚሰማኝ፤ ሰሊጡና እንቁላሉ ሲከብድ የምትቆርጠው እሷ ናት። ቤት ትሠሪያታለሽ። ግማሽ ኪሎ ነጭ ራዲሽ ልጠሽ በረጅሙ ቁረጪ። 1 ኩባያ ውሃ፣ 1 ኩባያ አቼቶ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር፣ አንድ ተኩል የሾርባ ማንኪያ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ እርድ አፍልተሽ ትኩሱን አፍስሺበት። እርዱ ነው ቢጫ የሚያደርገው። በማግስቱ ይደርሳል፣ ፍሪጅ ውስጥ 2 ሳምንት ይቆያል። ራዲሽ ካጣሽ ካሮት ወይም የጥቅል ጎመን ወፍራም ግንድ በዚሁ ውሃ ነክሪ። ስታስገቢው ግን በጨርቅ ጥረጊው። ተንጠባጥቦ ከገባ የለፋሽው ሁሉ ገደል ገባ።

ቱና የምትወድ ከሆነ ዘይቱን በወንፊት ተጭነሽ አውጪና በጣም ጥቂት ማዮኔዝ ጨምሪ። ከሥሩ አንድ የሰላጣ ቅጠል አንጥፊለት። ቅጠሉ ግድግዳ ይሆናል፣ ርጥበቱ ወደ ሩዙ አይዘልቅም። ኮሪያዎች ለዚህ ኬኒፕ የሚባል ሽታው የሚያውድ ቅጠል ያስገባሉ። ሥጋም ይሆናል፤ በሶይ ሶስ፣ በነጭ ሽንኩርትና በስኳር የታሸ ስስ የበሬ ሥጋ፣ መረቁ ጨርሶ እስኪደርቅ የተጠበሰ።

ጉዳዩ ለእኛ ስለሆነ አንድ ነገር ልንገርሽ። ኮሪያ ውስጥ በተራው ኪምባፕ ብዙ ጊዜ ሃም ይገባል፤ የአሳማ ነው። ቀይና ነጭ የሆነው «ማትሳል» የሚሉት ደግሞ ባብዛኛው ከነጭ ዓሣ የተፈጨ ነው፤ የሸርጣን ጣዕም ግን ይጨመርበታል። የማትበሊ ከሆነ ሱቅ ስትገዢ ጽሑፉን አንብቢ። እኔ መጀመሪያ የለመድኩት የኮሪያ ዓረፍተ ነገር «ሃም ፔ ጁሴዮ» ነው። ሃሙን አውጪልኝ ማለት ነው። ማንም ቅር አይለውም፣ በየቀኑ የሚሰሙት ነገር ነው።

ጾሙ አያስቸግርም። ሥጋና ማዮኔዝ እንደማይገቡ ታውቂያለሽ፤ ከዚያ ሌላ እንቁላሉን ብቻ ነው የምታወጪው። እሱ በሚይዘው ቦታ ቶፉ፣ ከአኩሪ አተር የሚሠራው እንደ አይብ ያለ ነገር፣ ወይም እንጉዳይ አስገቢ። ቶፉውን በሁለት ጨርቅ መሃል አድርገሽ ከላይ ድስት ጫኚበት፣ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ውሃው ይወጣል። ከዚያ በረጅሙ ቆርጠሽ ጥበሺና በሶይ ሶስ አድርቂው። እንጉዳዩን በእጅሽ ቀደሽ መጀመሪያ ያለ ዘይት መጥበሻ ላይ አድርጊ። ብዙ ውሃ ይለቃል። ውሃው ሲያልቅ ነው ዘይትና ሶይ ሶስ የሚጨመረው። በፈረንጆቹ 2023 አሜሪካ ውስጥ ትሬደር ጆስ የሚባለው ሱፐርማርኬት በረዶ የሆነ ኪምባፕ አምጥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከየመደርደሪያው አልቆ ነበር። ያ ሁሉ ሰው የተሻማበት ኪምባፕ ሥጋም እንቁላልም የለበትም፤ ቶፉና አትክልት ነው። ስለዚህ የጾሙ የተቀነሰበት ኪምባፕ ነው ብለሽ አታስቢ።

መጠቅለሉ ላይ ደረስን። የቀርከሃ ምንጣፍ ባይኖርሽ አትጨነቂ። ስስ የወጥ ቤት ፎጣ ለሁለት አጥፈሽ አንጥፊና በላዩ የምግብ ፕላስቲክ ወይም የመጋገሪያ ወረቀት አድርጊበት። ኢሞም ቀኑ ሲጣደፍ ያለ ምንጣፍ፣ በእጇ ብቻ ነበር የምትጠቀልለው።

ቅጠሉ አንድ ጎኑ ያብለጨልጫል፣ ሌላው ሸካራ ነው። የሚያብለጨልጨው ወደ ታች፣ ሸካራው ወደ ላይ። ሩዙ ሸካራው ላይ ይጣበቃል። ጣቶችሽን ውሃ ሳይሆን ትንሽ የሰሊጥ ዘይት አስነኪ። አንድ እፍኝ ሩዝ፣ 200 ግራም ገደማ፣ መሃል ላይ አስቀምጪና በጣት ጫፍ እየገፋሽ አዳርሺው። አትደምድሚው። ስስ ይሁን፤ እዚህም እዚያም ጥቁሩ ቢታይሽ ጥሩ ነው። ከአንቺ ራቅ ባለው ጠርዝ 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዪ። ጀማሪ ሁሉ ሩዝ ያበዛል። ሩዝ ሲበዛ ቅጠሉ አይገጥምም፣ ሲቆረጥም ይፈነዳል።

አትክልቱን መሃል ላይ ሳይሆን ወደ አንቺ ጠጋ አድርገሽ፣ ከሩዙ አንድ ሦስተኛው ላይ ደርድሪ። ጠንከር ያሉትን፣ ዳንሙጂና እንቁላሉን፣ ከሥር፤ የሚንሸራተተውን ካሮት በመሃላቸው፤ ቆስጣውን ከላይ። አሁን በአውራ ጣቶችሽ ፎጣውን አንሺ፣ በሌሎቹ ጣቶች አትክልቱን ወደ ውስጥ ያዢ። በአንድ ትንፋሽ አሻግሪውና የዚህኛው የሩዝ ጠርዝ ከወዲያኛው የሩዝ ጠርዝ ጋር ይግጠም። ዋናው ይህ ነው። ሩዝ ከሩዝ ከገጠመ አትክልቱ መሃል ታስሯል። እዚያ ላይ ቆም በዪና በፎጣው ላይ በሁለት እጅ ከመሃል ወደ ጫፍ ጠበቅ ጠበቅ አድርጊ። ከዚያ የቀረውን አንከባልይ። ባዶው ጠርዝ ላይ ሦስት አራት የሩዝ ፍሬ ደፍጥጪ፣ እንደ ሙጫ ይይዘዋል።

ጥቅሉን መጋጠሚያው ወደ ታች እንዲሆን አስተኝተሽ 5 ደቂቃ ተዪው። ውሃ የሚጠቅምሽ እዚህ ጋ ነው። ቅጠሉ ከሩዙ ልኩን ጠጥቶ ለስለስ ይልና ይጣበቃል። ወዲያው ከቆረጥሽው ይሰነጠቃል፣ ብዙ ካቆየሽው ደግሞ ያ ላስቲክ ይመጣል።

ጀርባውን በሰሊጥ ዘይት ቀቢ። ቢላው የተሳለ ይሁን፣ እሱንም ዘይት አስነኪው። ወደ ታች አትጫኚ፤ እንደ መጋዝ ወደፊት ወደኋላ እየሳብሽ ቁረጪ። በየሁለት ሦስት ቁራጩ ቢላውን ጥረጊ፣ የተጣበቀው ስታርች ነው ቀጣዩን የሚጎትተው። ውፍረቱ 1 ሴንቲ ሜትር ከመንፈቅ በቂ ነው። ለልጅሽ ቀጠን ይበል። ሁለቱ ጫፎች፣ አትክልቱ ተንጨብርሮ የሚወጣባቸው፣ «ኮዳሪ» ይባላሉ። እኛ ቤት ለደንበኛ አይሰጡም ነበር። ሠራተኛውና የቤቱ ልጅ የሚሻሙባቸው ናቸው፤ አትክልቱ የሚበዛው እዚያ ነው።

ወደ ምሳ ዕቃው ልለፍ። ኪምባፕ ኮሪያ ውስጥ የትምህርት ቤት ጉዞና የሽርሽር ምግብ ነው፤ ስለዚህ ሐሳብሽ ልክ ነው። የበሰለ ሩዝ ግን በቀላሉ አይታይም። ባሲለስ ሴሬየስ የሚባለው ባክቴሪያ ዘሩ ሩዝ ሲበስል አይሞትም፤ ሞቅ ባለ ቦታ ሲቆይ ይራባና ሆድ ያውካል። ማታ ሠርቶ ጠረጴዛ ላይ ማሳደር አይቻልም። ፍሪጅ ውስጥ ካሳደርሽው ደግሞ ስታርቹ ይጠነክርና ሩዙ ጥሬ ይመስላል። ስለዚህ አትክልቱን ማታ አዘጋጅተሽ ፍሪጅ አስገቢ፣ ሩዙን ማታ ዘፍዝፊውና እሱንም ፍሪጅ አሳድሪው። ማብሰሉንና መጠቅለሉን ጧት አድርጊው። ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ክዳኑን አትዝጊ፤ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ይሆናል። ቦርሳዋ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ አጠገቡ አድርጊ። ያለ በረዶ ከ4 ሰዓት በላይ ከቆየ አትብላው። ቱናና ማዮኔዝ ያለበትን ለትምህርት ቀን አልመክርሽም፤ ቅዳሜ ቤት ስትሆን ሥሪላት።

ጧት ጊዜ ካጠረሽ የቶንግዮንግ ሰዎች ዘዴ አለ። ይህች የደቡብ ወደብ ከተማ እስከ ፈረንጆቹ 1995 ቹንግሙ ነበር ስሟ፤ ኪምባፗም ቹንግሙ ኪምባፕ ይባላል። እንደሚባለው ከሆነ ለባሕረኞች የሚያዘው ጥቅል በሙቀቱ ቶሎ እየተበላሸ ቢያስቸግር፣ ሩዙን ለብቻ፣ ማባያውን ለብቻ አደረጉት። ጣት የሚያህል ጥቅል ነው፣ ውስጡ ነጭ ሩዝ ብቻ። በጎኑ በበርበሬ የታሸ ስኩዊድ የሚባል የባሕር እንስሳና ራዲሽ ይቀርባል። ለልጅሽ ቅጠሉን ለአራት ቆርጠሽ ሩዙን ብቻ ጠቅልይ፤ ካሮቱን፣ ዳንሙጂውንና እንቁላሉን በሌላ ዕቃ አድርጊላት። 10 ደቂቃ አይፈጅም፣ መፍረስም የለበትም። ሴኡል ጓንግጃንግ ገበያ ውስጥ እንዲሁ ትንንሽ ኪምባፕ በሶይ ሶስና በሰናፍጭ እያጠቀሱ ይበላሉ። ሰናፍጩን ለልጅሽ አሳሺላት።

ወዲያው ፍሪጅ ገብቶ ያደረ ከተረፈሽ አትጣይው። ቁራጮቹን በተመታ እንቁላል ነክረሽ ጥበሺ። በጾም የሽንብራ ዱቄት በውሃ ቀጠን አድርገሽ በጥብጪና በሱ ንከሪ። ሙቀቱ ሩዙን መልሶ ያለሰልሰዋል። አንዳንዴ ከትኩሱ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ።

ምሳ ዕቃው ውስጥ ቁራጮቹን የተቆረጠው ገጽ ወደ ላይ እንዲታይ ጠጋ ጠጋ አድርገሽ ደርድሪያቸው፤ ክፍተት ከተውሽ ቦርሳው ሲወዛወዝ ይፈታሉ። ከላይ ቆንጥር ሰሊጥ ነስንሺ። ኮዳሪዎቹን አታስገቢያቸው። እነሱ የአንቺ ናቸው፣ ሥራውን ሳትጨርሺ እዚያው መክተፊያው ላይ ብያቸው።